ባዶ ወረቀት ላይ ያስፈረምኳቸው ሰዎች

የከተማችንን ስም አልጠራም። ከሆሳዕና መናኸሪያ ሚኒባስ ይዞ ወደ ዱራሜ የሚሄድ ሰው በመስኮት ያያታል፤ እንቅልፍ ከጣለው ደግሞ ሳያያት ያልፋል። ትንሽ ናት። ስሟን ከጠራሁ ማን ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ የደረሰብኝ ይበቃኛል። እዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ልብስ ሰፍቻለሁ፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የመዘምራን ልብስ፣ የሚዜ ቀሚስ። አባቴ ከሰሜን በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ቀረ። እኔም እዚሁ ተወለድኩ፣ እዚሁ አገባሁ። ሀዲይኛ እሰማለሁ፤ ስናገረው ግን ገበያተኛው ይስቅብኛል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ምላስሽ ረጅም ነው ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ባለቤቴ፣ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፣ የስፌት መኪናዬና ምላሴ ጠዋት አብረው ተነስተው ማታ አብረው እንደሚያርፉ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያወራል። ታዲያ ይህን ሁሉ ምላስ ተሸክሜ፣ መጠየቅ የነበረብኝን አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቅ መቅረቴ አሁንም አንጀቴን ያሳርረዋል።

የማወራው ስለ ጎረቤታችን ልጅ ነው። ልጅ የምለው በኔ ዓይን ነው እንጂ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው። በአሥር ዓመት እበልጠዋለሁ። እናቱና እናቴ በአንድ አጥር እሳት ተጫጭረው የኖሩ ናቸው፤ የሱ እናት የሀዲያ ሰው፣ የኔ እናት የሰሜን ሰው፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ነበረች የምትተኛው። አንደኛ ክፍል ሲገባ የለበሰውን ዩኒፎርም የሰፋሁት እኔ ነኝ። ገና ስፌት እየተማርኩ ስለነበር አንዱ እጅጌ ከሌላው ረዘመብኝ። ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ እንኳ ሰው ባለበት "እትዬ፣ ያቺ እጅጌዬስ?" እያለ ያሾፍብኝ ነበር። እወደው ነበር፤ ይህን ሳልናገር የቀረውን ብናገር ውሸት ይሆንብኛል።

ኮሌጅ ሂሳብ ተምሮ ተመለሰና የመንግሥት ፋይናንስ ቤት ተቀጠረ። ጥቂት ዓመት ሠርቶ ወጣ። ለምን ወጣህ ሲሉት "አይሆንም ብዬ ነው" ይል ነበር። ምኑን አይሆንም እንዳለ በግልጽ ተናግሮ አያውቅም፤ የቀረውን እኛ ደስ እንዳለን ሞላንለት። ከዚያ ከሱቄ ማዶ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየና ለነጋዴው ማመልከቻ እየጻፈ ይኖር ጀመር። ግብር የበዛበት ሁሉ ወደሱ ነበር የሚሮጠው።

እንደኛ ላለ ትንሽ ነጋዴ ግብር የሚጣለው በግምት ነው። ገማቾች ይመጣሉ፣ ሱቅሽን ዓይናቸውን አንዴ አዙረው ያዩታል፣ በቀን ስንት ትሸጫለሽ ይሉሻል። እውነቱን ብትናገሪም ግማሹን ደብቃለች ብለው እጥፍ ይጽፉታል። ስለዚህ ሰው ሁሉ አሳንሶ ይናገራል፣ እነሱም አሳንሶ መናገሩን ስለሚያውቁ ያበዙበታል፤ እንዲህ እየተዋሻሸን እንኖራለን። አንድ ዓመት ደንበኞች ለመሰፋት ያመጡልኝን ጨርቅ በሙሉ የራሴ ሸቀጥ አድርገው ገመቱብኝ። ኧረ የሰው ነው ብል ማን ይስማኝ። በዚያ ጊዜ ማመልከቻ ጽፎ ያስቀነሰልኝ እሱ ነው።

ከጥምቀት በኋላ ነው፣ ገበያ በሌለበት ቀን፣ ሱቄ ገባና ለክልል ምክር ቤት በግሉ ሊወዳደር እንደሆነ ነገረኝ። መጀመሪያ ሳቅሁበት። "ያንተ ፎቶ ግንብ ላይ ተለጥፎ ፍየል ሊበላው ነው?" አልኩት። አልሳቀም። ባለቤቴም ነበር፣ ከጎኔ ሱቅ ያላት ልብስ ሰፊም ጆሮዋን ጣል አደረገች። ልብስ የማሰምርበትን ሳሙና ከፊቴ አነሳና ጠረጴዛዬ ላይ ከተዘረጋው ሰማያዊ የዩኒፎርም ጨርቅ ላይ አንድ ረጅም ሳጥን አሰመረ። ይሄ የዓመቱ በጀት ነው አለን። ከሳጥኑ አብዛኛውን ቆርጦ ይሄ ደመወዝ ነው አለ፤ እሱም ቢሆን በወቅቱ ለመምህሩ አይደርስም። ከቀረው ላይ ደግሞ ለነዳጅ፣ ለስብሰባ፣ ለአበል ብሎ ቆረጠ። መጨረሻ ላይ አንድ ጣት የምታህል ቁራጭ ቀረች። መንገዱም፣ ውሃውም፣ የልጆቹ ዴስክም ከዚህች ነው የሚወጣው አለን።

እኔ የበጀት ነገር እንዲህ በሳሙና ተሰምሮ አይቼ አላውቅም። በሬዲዮ ቢሊዮን ሲሉ እሰማለሁ፤ ቢሊዮን ለኔ ከሰማይ ኮከብ አይለይም። እሱ ግን ጨርቅ አደረገው። በጀቱ ሲጸድቅ ማንም አንብቦት አያውቅም አለ፣ እጅ ይወጣል፣ ይጨበጨባል፣ ምሳ ይበላል። ስለ ግብርም ሲናገር አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው አለ፤ ትልልቁን ነጋዴ ቢሮ አስገብተው ወንበር ስበው ያነጋግሩታል፣ ጨዋታው ሁሉ እናንተ ላይ ነው። ግብር ይቅር አላለም፤ ይህን ልብ ብዬለታለሁ። ግብር ከሌለ መንግሥት የለም፣ ግን ገማቹ በምን እንደገመተ ጽፎ ይፈርም ነው ያለው። እኔ ከፍዬ የት እንደገባ ልወቅ ማለት ነው። ይህ ቢሆን እኔ ራሴ ሳልጠየቅ እከፍላለሁ ብዬ አሰብኩ፣ አሁንም ይህ ሐሳብ ትክክል ይመስለኛል።

ባለቤቴ መምህር አይደል፣ ዝም ብሎ አላሳለፈውም። ሕግ አውጪ ለመሆን ምን ብቃት አለህ፣ ማስተርስ ያላቸው እንኳ አፋቸው ሲያያዝ አይተናል አለው።

"ጋሼ፣ ወረቀት የያዘማ ሞልቷል" አለ እሱ። "ወረቀቱን ይዞ እጁን የሚያወጣ ነው የሞላው። ብቃት ማለት የቀረበልህን አንብበህ ይሄ ለምን ሆነ ብለህ መጠየቅ ነው። እትዬ ከብዙዎቹ ትበልጣለች፤ ሁለት ሜትር ጨርቅ ስንት ኪስ እንደሚወጣው ታውቃለች።"

በሕይወቴ እንደዚያ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። አሥረኛ ክፍልን ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ሰው ፊት በጀት ታውቃለች ስባል ልቤ ቅቤ ሆነ። ባለቤቴ እንኳ ራሱን ነቀነቀለት።

በግል የሚወዳደር ሰው የነዋሪውን የድጋፍ ፊርማ አሰባስቦ ማቅረብ አለበት። ያን ሥራ እኔ ወሰድኩት። ማንም አላስገደደኝም። የዕድራችን የሴቶች ሰብሳቢ ስለነበርኩ የማልገባበት ቤት የለም፣ እሱም ይህን ያውቃል። ቅጹ ከሆሳዕና እስኪመጣ ቀኑ ይደርስብናል አለኝ፤ አሁን በተራ ወረቀት ስም፣ ቀበሌና ፊርማ ይሰብሰብ፣ ርዕሱን በኮምፒዩተር አስጽፌ ከፊቱ አያይዘዋለሁ።

ሌላ ቦታ ያለ ሰው ይህን ሲሰማ ይታዘበኝ ይሆናል። በኛ ዕድር ግን አሠራሩ ይኸው ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን በየተራ እንፈርማለን፤ ማን እንደመጣ፣ ስንት እንደተወሰነ፣ ለማን ምን እንደተሰጠ ጸሐፊው ቤቱ ሄዶ በሳምንቱ ነው ቃለ ጉባኤውን ከፊርማው በላይ ባለው ባዶ ቦታ የሚጽፈው። ሐዘን ላይ ማን ቁጭ ብሎ ሲነበብለት ይሰማል? ፊርማ ይቀድማል፣ ጽሑፉ ይከተላል፣ ጸሐፊውን ስለምናምነው ነው። እስከዚያን ጊዜ ድረስ በዚያ አሠራር የተጎዳ ሰው አላውቅም። ስለዚህ ስድስት ሉክ ወረቀት በማስመሪያዬ አሰምሬ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ከላይ አራት ጣት ያህል ባዶ ትቼ ተነሳሁ።

በየቤቱ ሄድኩ። ልብስ ለማስለካት የመጣውን አስፈረምኩ፣ ጫማ ሰፊውን አስፈረምኩ፣ ሻይ ቤቶቹን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ጌሾና ቅመም የምትሸጠዋን። ሁሉም "አንቺ ካልሽማ" እያለ ይፈርም ነበር። አንዱ እንደውም ለማን እንደሆነ ሳልጨርስ ፈረመና ዕድሩ ላይ ማን ሞተ ብሎ ጠየቀኝ። ተሳሳቅን።

አንድ ሰው ብቻ እምቢ አለችኝ። ቅቤ ነጋዴ ናት፣ ከሆመቾ በኩል መጥታ እኛ ጋ የከተመች ሙስሊም ሴት። ገበያው ዳር ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ቅቤና አይብ ትሸጣለች። አማርኛዋ ትንሽ ነው፣ ግን የፈለገችውን በደንብ ትናገርበታለች። ባሏ ሲሞት የባሏ ወንድም መሬቱን በስምሽ እናስመዝግብ ብሎ ወረቀት አምጥቶ አውራ ጣቷን አስነክቷት ነበር። ወረቀቱ የተጻፈው ግን መሬቱን እንደተወችለት ተደርጎ ነው። የእንሰት ማሳዋ እንዲህ ሆኖ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጣቷን ምንም ወረቀት ላይ አታሳርፍም። ዕድሩን በወቅቱ ትከፍላለች፣ ሐዘን ቤት ከሁሉም ቀድማ ትደርሳለች፣ በመዝገቡ ላይ ግን ከስሟ ፊት ያለው ቦታ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ይህን የማናውቅ የለንም፣ ማንም አስቸግሯት አያውቅም።

እኔ አስቸገርኳት። ለምን እንደሆነ ልናገር፤ ፊርማው አንሶ አይደለም። የስድስተኛው ወረቀት የመጨረሻ መስመር ባዶ ቀርቶ ነበር፣ እሷ እምቢ ማለቷም አልዋጥልሽ አለኝ። ሰው ሁሉ ካመነኝ እሷ ለምን አታምነኝም አልኩ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ስለ በጀቱ እሱ የነገረኝን ነገርኳት፣ ስለ ግምቱ ነገርኳት፤ እሷም ባለፈው ዓመት ግምት ስታለቅስ ነው የከረመችው። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አዘንብላ አየችው።

"ላዩ ላይ ምን ተጽፏል?" አለችኝ።

"ገና ምንም አልተጻፈም። አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ" አልኳት።

በእስክሪብቶ አውራ ጣቷን ቀባሁላት፣ እሷም ቀስ አድርጋ አሳረፈች። ከዚያ ጣቷን በቀሚሷ ጠረግ አድርጋ ቅቤዋን መቁረጥ ቀጠለች። እኔ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር እንዳሸነፈ ሰው ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ወረቀቶቹን ስሰጠው አቅፎ ግንባሬን ሳመኝ። ሦስተኛው ወረቀት ጥግ ላይ የስፌት መኪናዬ ዘይት ጠብ ብሎበት ነበርና ይቅርታ ጠየቅሁት። ይሄማ ማኅተም ነው ብሎ ሳቀ፣ በማግስቱም ወደ ሆሳዕና ሄደ።

የዕጩዎች ዝርዝር ሲለጠፍ ስሙ የለም። ወረቀቴ ቀን አለፈበት ተባልኩ አለን። ፊቱ ጠቁሮ ነበር። እኔ እምባዬ መጣ፤ ምሳ ይዤለት ቤቱ ሄድኩ፣ ሚስቱን አጽናናሁ፣ እግዜር ያውቃል በሚቀጥለው ይሆናል አልኩት። ወረቀቶቹስ የት ደረሱ የምትለዋን ግን አልጠየቅሁም። ያቺ ናት ጥያቄዋ። ለምን ልጠይቀው? ያዘነን ሰው ወረቀቴን መልስ ይባላል እንዴ?

ብዙም ሳይቆይ ክፍሉን ዘጋ። ግብር የሚሰበስበው መሥሪያ ቤት ውስጥ ሹመት አገኘ ተባለ። እኛማ ደስ አለን፤ ይብላኝ ለኛ። ምክር ቤት ባይገባ ቢሮ ገባልን፣ ከውስጥ ሆኖ ያስተካክለዋል ተባባልን። ጎኔ ያለችው ሰፊ እንደውም ሸሚዝ ሰፍታ በስጦታ ላከችለት። ባለቤቴ ብቻ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባለውን ተረተ። ተቆጣሁት። ምቀኛ አልኩት የራሴን ባል።

ምርጫው አለፈ፣ ሐምሌ ገባ፣ ዝናቡ መንገዱን አበላሸው። አንድ ጠዋት ነጋዴው ሁሉ አዳራሽ ተጠራ። የአዲሱ የቀን ገቢ ግምት ሊነገረን ነው። ከላይ የመጣ አንድ ሰው ነበር፣ የኛም ልጅ መድረኩ ላይ ከሰውየው ቀጥሎ ተቀምጧል፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ። እጄን አውለበለብኩለት። አየኝ፣ ግን ወዲያው ዓይኑን ወረቀት ላይ ጣለ። ሥራ ላይ ስለሆነ ነው አልኩ ለራሴ።

ሰውየው ረጅም ንግግር አደረገ። በጀት ጠቧል፣ ከተማዋ በራሷ ገቢ መቆም አለባት፣ ስለዚህ ግምቱ ከፍ እንዲል ተወስኗል አለ። አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ። ሰውየው እጁን አነሳና ይህ ከላይ የተጫነ አይደለም አለ፤ ነጋዴው ራሱ ለልማት ስንል ግምቱ ይሻሻል ብሎ በፊርማው የደገፈው ነው። የወረቀት ጥራዝም ከፍ አድርጎ አሳየን። ከፊት ለፊቱ በኮምፒዩተር የተጻፈ ገጽ ተያይዞበታል። የፈረመ ሰው እንዳይክድ ብሎ ነው መሰል፣ ጥራዙን ፊት ረድፍ ላሉት እንዲያዩት ሰጠ። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ነበርኩ። ከፊቴ ያለው ሰው ሲገልጠው ማስመሪያዬን አወቅሁት፣ የቁጥር አጻጻፌን አወቅሁት። ሦስተኛው ላይ የዘይቱ ጠብታ አለች።

 የመጀመሪያው ሐሳቤ ሰርቀውት ነው የሚል ነበር፤ ከሱ ላይ ሰርቀውት ነው። ቀና ብዬ አየሁት። ጣሪያውን ያያል። ባመንኩት ፈረስ ጣለኝ በደንደስ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፣ ለካ መውደቁ ይህን ያህል ያማል።

ተነሳሁ። ማንም ዕድል አልሰጠኝም፣ ዝም ብዬ ነው የተነሳሁት። "እነዚህን ያስፈረምኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ለዚህ ሰው ዕጩነት ነው ያስፈረምኩት። ግብር ጨምሩብን ብሎ የፈረመ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም።"

 ያ ልጅ ራሱ ማይኩን ወሰደ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፣ እሱ ነው የባሰው። እኚህ እናት ለሕዝብ ተቆርቋሪ ናቸው አለ። እኚህ እናት! በአሥር ዓመት የምበልጠው፣ ዕድሜውን ሙሉ እትዬ፣ አንቺ ሲለኝ የኖረ ሰው። ሕዝቡ የፈረመው ለፍትሐዊ ግብር ነው አለ፤ ያኔም ያልኩት ግብር ይከፈል ነው፣ ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው ሲልም አከለ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ "የበጀት ጉዳይ ደግሞ ብቃትና ሙያ ይጠይቃል። ልብስ እንደመስፋት አይደለም።"

አንዳንዶች ሳቁ። ሳቃቸውን አልቀየምኩም፣ ሰው ሲጨንቀውም ይስቃል። ግን እኔን በሁለት ሜትር ጨርቅ ምክር ቤት ያስገባኝ አፍ ነው በዚያው ጨርቅ ያስወጣኝ።  ያ ሁሉ ምላስ የት ሄደ እንጃ። ዞር ስል ቅቤ ነጋዴዋን ከበሩ አጠገብ ቆማ አየኋት። የሰውየው አማርኛ ፈጥኖባት ጎኗ ያለችውን ሴት ትጠይቃለች። ሴትየዋ በሀዲይኛ ነገረቻት። ከዚያ አውራ ጣቷን ስታይ አየኋት።

ስብሰባው ሲበተን መኪናው አጠገብ ጠብቄ ያዝኩት። እዚያ የባለሥልጣን ፊቱን አወለቀ፤ ድሮ የማውቀው ልጅ ሆነ፣ ያ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። ዕጩነቱ እንደማይሆንለት ሆሳዕና በደረሰበት ቀን እንደነገሩት አወራኝ። ወይ ሥራ ወይ ምንም ተብሏል፣ የክፍሉን ኪራይ በማመልከቻ ገቢ መክፈል አልቻለም፣ ሦስት ልጅ አለው። ይህን ሁሉ ቢነግረኝ እኮ ይገባኝ ነበር። ሥራ ያዝክ ብሎ ማን ይቆጣዋል?

"ወረቀታችንን ግን ለምን ሰጠህ?" አልኩት።

"ባዶ እጄን እንዴት ልግባ እትዬ?" አለኝ።

እኛ ጋ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ለአራስ ቢሆን፣ ለሐዘንተኛ ቢሆን፣ ለአዲስ ቤት ቢሆን አንድ ነገር ተይዞ ነው። እናቱ ያስተማረችውን ነው የሠራው፤ እኛን ይዞ ገባ።  መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ፣ ጭቃውን ረግጦ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ አናግሬው አላውቅም። እናቱ ስትሞት ለቅሶ ደርሻለሁ፤ ከድንኳኑ ማዶ ተቀምጬ አልቅሼ ተመለስኩ።

ሳምንቱን ሙሉ የፈረሙልኝ ሰዎች ቤት ዞርኩ። ባለቤቴ ተይው ቢለኝም አልተውኩም። ይቅርታ ስል ሁሉም እሱን ይረግማሉ እንጂ እኔን ምንም አላሉኝም። አንቺ ምን ታደርጊ፣ አንቺም ተታልለሽ ነው፣ እሱ ነው ከሃዲው ይላሉ። ወፍጮ ቤቱ ሰውዬ እንደውም እኔን ያጽናናኝ ጀመር። በየቤቱ ስገባ በፍርሃት፣ ስወጣ ቀለል ብሎኝ ነበር። እየቆየሁ ስሄድ ይቅርታዬ አጠረ፣ እሱን መራገሜ ረዘመ። እኔም የተበደልኩ ነኝ የሚለው ነገር ጣፈጠኝ መሰል።

ቅቤ ነጋዴዋን መጨረሻ ላይ ነው ያገኘኋት። ፈርቼ ነው ወደ ኋላ ያስቀረኋት፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። የገበያ ቀን ነበር። አዲሱ ግምት ደርሷት ሱቋን ልትለቅ ነው፤ የንግድ ፈቃዱን መልሳ እንደ ድሮዋ መሬት ላይ ፌስታል ዘርግታ ልትሸጥ። መደርደሪያው ባዶ ሆኗል፣ አንድ ጣሳ ቅቤ ብቻ ቀርቷታል። ስታየኝ አልተቆጣችም። ተቀመጪ አለችኝ። ተቀምጬ ያንኑ ለሁሉም ያልኩትን አልኳት፤ እኔም አላወቅሁም፣ እኔም እንዳንቺ ተታለልኩ፣ ያ ከሃዲ ሁላችንንም ሸጠን። ድምፄ ከፍ እያለ ሄደ፣ አለቀስኩም።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"እሱን አላውቀውም" አለችኝ። "እኔ የፈረምኩት ላንቺ ነው።"

 ግማሽ ኪሎ ቅቤ ስጪኝ አልኳት፣ ሌላ ምን ልበል። ሚዛኑ ላይ አስቀመጠች፣ ልክ ግማሽ ኪሎ እስኪሆን ትንሽ ቆርሳ ቀነሰች፣ በኮባ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ገንዘቤን ተቀበለችና በኋላዬ ወደቆመችው ደንበኛ ዞረች። ለሷ ከመዘነችላት በኋላ ትንሽ ምርቃት በጣቷ አንስታ ጨመረችላት።